የአበልጄ ጫማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ምስክርነት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከሕመም ስለ መዳን፣ ልጅ ስለ ማግኘት፣ ከአደጋ ስለ መትረፍ ነው። የእኔ ከዚያ ይለያል። ከሳሽ ሆኜ ስለ ገባሁበት፣ በደለኛነቴን አውቄ ስለ ወጣሁበት ሱባኤ ነው የምመሰክረው።

የደብራችንን ስም አልጠራም። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ነው ማለት ይበቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ግቢውን ስጠርግ፣ ለንግሥ ድንኳን ስተክል ያደግሁበት ነው። በባንክ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ 34 ዓመት ካገለገልሁ በኋላ ጡረታ ስወጣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ተመረጥሁ። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴም እኔ ነበርሁ። በየወሩ በ21 በእመቤታችን ስም የምንሰበሰብበት ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። ለዓመታት በዚህ ስም ስጠራ፣ መጽሐፍ ስለ ስሙ ባለቤት ምን እንደሚል አስቤው አላውቅም፤ "ሙሴም በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ሰው ነበረ" ይላል ዘኍልቍ 12፥3።

አበልጄ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ነው። ዶሮ ማነቂያ አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው። እኔ ትዳር ስይዝ ወደ አራት ኪሎ ተሻገርሁ፤ እርሱ የአባቱን የቀበሌ ቤት ይዞ እዚያው ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ተነሥቶ በየአቅጣጫው ሄደ። ለአበልጄ ከከተማው ዳር አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። በእግሩ አምስት ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው ምእመን ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሆነ። የእሑድ ቅዳሴ ሳሳ፤ ሙዳየ ምጽዋቱም እንዲሁ።

ሒሳቡ በእጄ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ። የካህናቱ ደመወዝ ሊጎድል ነው። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አሮጌ አዳራሽ ወደ መንገድ የሚከፈቱ አራት ሱቆች አድርገን እናከራይ የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። አበልጄ የወጣቶቹ አማካሪ ነበርና ተነሥቶ "ልጆቹስ የት ይሂዱ?" ሲል ጠየቀ። አንድ ክፍል በሰዓት ከፋፍለን እንሰጣቸዋለን አልሁት። አልተቀበለም። እኔም የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነውን ቃለ ዓዋዲ ይዤ መጣሁ። ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲዋቀር የሚያዝዘውን ያንኑ ደንብ፣ አንቀጽ እየጠቀስሁ ወጣቶቹን አፍ ማስያዣ አደረግሁት። በድምፅ ብልጫም አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገረው፤ ማስታወሱ ራሱ ያመኛል። ሁለታችንም ወገን ደብዳቤ እየጻፍን ወደ ሀገረ ስብከት ተመላለስን። በንግሥ ዕለት መዘምራኑ የመዝሙር ልብሳቸውን ሳይለብሱ ከሕዝቡ መካከል ቆሙ። ማኅበራችንም ለሁለት ተከፈለና በየ21ዱ ሁለት ቦታ ጠላ ይጠመቅ፣ ሁለት ዳቦ ይቆረስ ጀመር። የአንዲት እመቤት ዝክር! ጽዋው እኔ ዘንድ ስለ ቀረ ያንንም እንደ ድል ቆጠርሁት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ለ26 ዓመት ያህል ለሁለት ተከፍሎ የኖረው ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እኔና አበልጄ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን እንባችንን አፍስሰናል። አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ነበር ስምምነቱ። በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ዳግም ልትከፈል በደረሰችበት ጊዜም በጾመ ነነዌ ሦስቱን ቀን ጥቁር ለብሰን ጎን ለጎን ቆመናል። ሁለት ፓትርያርኮችን በአንድነት የያዘች ቤተ ክርስቲያን፣ ለእኛ ለሁለታችን በአንድ አዳራሽ ምክንያት ጠበበችን።

አስተዳዳሪያችን አባ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። በደንቡ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እርሳቸው ቢሆኑም ስብሰባ ላይ ከሁሉ በኋላ ነው የሚናገሩት፤ ነገር ሲከርም "እስኪ እንጸልይበት" ብለው ያሳድሩታል። እኔ ይህን እንደ ድካም አየሁት። "አባ መወሰን አይችሉም" እያልሁ በየቤቱ አማኋቸው። የወጣቶቹ ወገን ደግሞ ለሰበካ ጉባኤው አድልተዋል ብሎ ፊት ለፊት ዘለፋቸው። ለማናችንም አልመለሱም።

ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ያዝሁ። ልመናዬ አንድ ብቻ ነበር። "እመቤቴ ሆይ፣ እውነቱ ከእኔ ጋር መሆኑን ለሁሉም ግለጪልኝ" አልሁ። ጾሙ ከየት እንደ መጣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ። ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ ለማግኘት ሁለት ሱባኤ የያዙት በአንድ ልብ ነው። ዕርገቷን ቶማስ ብቻ አይቶ ሰበኗን (የተገነዘችበትን ጨርቅ) ይዞ በመጣ ጊዜም በወንድማቸው አልቀኑበትም፤ እርሱ ያየውን ለማየት በዓመቱ ደግመው በአንድነት ጾሙ። እኔ ግን ወንድሜን ልረታ ጾምሁ።

በስምንተኛው ቀን በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" አለ። ስለ ፍጹም ሰላምና ስለ ፍቅር ጸልዩ፣ በተቀደሰ ሰላምታም እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። እንደ ሥርዓቱ ሕዝቡ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ ይነሣሣል። ወደ ግራዬ ዞር ስል አበልጄ ቆሟል። ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር። እኔ ፊቴን አዞርሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። "መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ" የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ለስንት የተጣላ ባልና ሚስት በሽምግልና ላይ ጠቅሼዋለሁ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለእኔም እንደ ተጻፈ አልታየኝም። ሊነጋጋ ሲል ተንበርክኬ ልመናዬን ቀየርሁ። "ጌታ ሆይ፣ አላውቅበትምና አንተ አስታርቀን" አልሁ። ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በነጋታው ቅዳሴ ሲገባ ወደ ውስጥ መዝለቅ ፈራሁ። ጽዱ ሥር ቆሜ ከውጭ ማስቀደስ ጀመርሁ። ብዙም ሳይቆይ የነሐሴ ዝናብ ወረደ። የምእመናኑ ጫማ በወንዶቹ በር ደረጃ ላይ ተዘርግፎ ነበር፤ የቆዳው፣ የሸራው፣ የላስቲኩ፣ የሕፃናቱ። ሁሉም እየራሰ ነው። በዚያ መካከል አንድ ሰው ጎንበስ ቀና ሲል አየሁ። አባ ናቸው። የዚያን ዕለት ተረኛ ቀዳሽ አልነበሩም። ነጠላቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጫማውን ሁለት ሁለት እያደረጉ ከክፈፉ ሥር ይደረድራሉ።

ሮጬ ሄድሁ። "አባ፣ ይተዉ፤ እርስዎ ይታመማሉ" አልኋቸው።

"ሁለት ከሆንን ቶሎ እንጨርሳለን። አንተ በዚያ በኩል ያለውን ያዝ፣ ልጄ" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ማንሣት ጀመርሁ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ እጄ ቀጥ አለ። ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ የግራው ተረከዝ ወደ ውጭ በኩል ተበልቷል። አበልጄ ልጅ ሳለን ሰባ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እንዲያ አድርጎ ነው የሚረግጠው። ከሺህ ጫማ መካከል እለየዋለሁ። ውስጡ ውኃ ይዟል። ሶሉ ስላለቀ የተቆረጠ ካርቶን አንጥፎበታል፤ ካርቶኑም ሟሙቷል። ዙሪያው የያዘው ጭቃ ጥቁር ዋልካ ነው። በእኛ ሰፈር ዋልካ የለም።

ጫማውን እንደ ያዝሁ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። ይህ ሰው በፍልሰታ ለጠዋቱ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በእግሩ ይወርዳል። ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያ የት ይቆያል? አዳራሹ ውስጥ ነዋ! እርሱም፣ ከዳር የሚመጡት እናቶችም፣ ሕፃናቱም። ከዝናብ የሚጠለሉበት ሌላ ጣራ የላቸውም። ይህንን በስብሰባው ላይ ተናግሮታል። በቃለ ጉባኤው ተጽፏል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። አልሰማሁትም እንጂ ነግሮኝ ነበር። አዲሱ ቤት ከገባ ከዓመት በላይ ሆኖት አንድ ቀን እንኳ ሄጄ "እንኳን ደኅና ገባህ" አላልሁትም።

ውኃውን ደፋሁ፤ የሟሟውን ካርቶን አወጣሁ፤ በነጠላዬ ጫፍ ውስጡን አደረቅሁ። ዲያቆኑ "እትዉ በሰላም" እስኪል ድረስ ጫማውን አላስቀመጥሁትም።

አበልጄ በባዶ እግሩ ወጥቶ በዓይኑ ጫማውን ሲፈልግ እጄ ላይ አየው። እግሩ ሥር ወደቅሁ። "ይቅር በለኝ" ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። ዝም አለ፤ ዝምታው ረዘመብኝ። ከዚያ በሁለት እጁ አነሣኝና "ይቅር ለእግዚአብሔር። አንተም ይቅር በለኝ፤ እኔም በአንተ ላይ ብዙ ተናግሬአለሁ" አለኝ። ተቃቅፈን ስናለቅስ ከሁለቱም ወገን ሰው ከበበን። አንዳንዱ አብሮን አለቀሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ባርከውን እንድንታረቅ ብንፈልጋቸው በአጠገባችን የሉም። በሴቶቹ በር በኩል ያለውን ጫማ እያነሡ ነበር።

ከፍልሰታ በኋላ ስለ ሐሜቱ ንስሐ ልገባ አባ ዘንድ ሄድሁ። ያልሁትን ሁሉ፣ በማን ቤት እንዳልሁትም ነገርኋቸው። "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝና መስቀላቸውን አሳልመው ስለ ነሐሴ ደመወዝ ጠየቁኝ።

እንደ እርሳቸው ያለ መሪ ሲያዩት ዘገምተኛ ይመስላል። ከሁለቱም ወገን ሲሰደብ ከአንዱ ጋር ቢሰለፍ ግማሹ ስድብ ይቀርለት ነበር። አባ አልተሰለፉም። በዚህም ምክንያት ስንታረቅ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ሳንባባል በአንድነት የምንመለስበት አባት አገኘን። ይህን ያኔ ብረዳ ኖሮ ምላሴን በያዝሁ!

አዳራሹ አዳራሽ ሆኖ ቀረ። ለሀገረ ስብከት የተጻፉትን ደብዳቤዎች እኔና አበልጄ በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመን አነሣናቸው። ከዳር የሚመጡት ምእመናን ወርኃዊ አስተዋጽኦአቸውን በባንክ እንዲያስገቡ ሐሳብ ያመጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ በየሰፈሩ ዞረው የመዘገቡትም እነርሱ። ሒሳቡ ሞላ አልልም፤ አሁንም የሚጎድልበት ወር አለ። ጉድለቱን ግን አብረን ተቀምጠን ነው የምናየው።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማኅበሩ በአበልጄ ቤት ዋለ። ከአዲሱ ሙሴ ቤት መሆኑ ነው፤ ለቦታው እርሱ እንዲመረጥ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ አስረከብሁት። አባ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። አንድ ዳቦ ነበር፤ ለ38 ሰው ትንሽ ትንሽ ደረሰ።