ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ኮምፒውተር ማኖር

ከአያት አልፎ ጣፎ ባለው ቤታችን አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች የደንበኞቿን መዝገብ የምትይዘው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል በመሆኑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን መስፈርት አያሟላም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት አላቅቀን ለሒሳብ ሥራ ብቻ ተውነው፤ ኢሜይሉንና የታክስ ማሳወቁን ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተርን ወደሚያሠራ ሌላ ሲስተም፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ወዳለው ሊኑክስ ሚንት 22፣ አዛወርነው። ለማንኛውም ችግር ‹‹ፎርማት ይደረግ›› ከሚለው የጥገና ሱቆች መድኃኒት ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

መጫኑ ራሱ ከባድ አይደለም። የሚያስፈራው ዲስኩን መክፈሉ ነው፤ በተለይም መብራት ሄድ መጣ በሚልበት እንደ እኛ ባለ ሰፈር። አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወረ ሳለ መብራት ቢጠፋ በውስጡ ያለው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የዊንዶውሱን ክፍል መነሻውን ሳይነኩ ከመጨረሻው ብቻ መቀነስ፣ ይህንንም ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን በዊንዶውስ በራሱ ዲስክ ማኔጅመንት መሥራት ይመረጣል። ከዚያ በፊት የፒችትሪው ዳታ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አለበት፤ ዩፒኤስ ያለው ሰው እንኳ ይህን መዝለል የለበትም። ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ባዶ ቦታ እያለው ከጥቂት ጊጋባይት በላይ አልቀንስም ይላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ፋይሎች፣ ለምሳሌ የሃይበርኔሽኑ (ኮምፒውተሩ ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት አሠራር) ፋይል፣ መሀል ላይ መቀመጣቸው ነው። ሃይበርኔሽንን ማጥፋት ይህን ፋይል ያስወግደዋል፤ ሌላም ጥቅም ስላለው ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቅደም ተከተሉ ዊንዶውስ መጀመሪያ፣ ሊኑክስ ቀጥሎ ነው፤ ዊንዶውስ በኋላ ከተጫነ ሌላውን ሳይጠይቅ ራሱን ከፊት ያስቀምጣልና። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ዘዴ) የተጫነ ከሆነ የሊኑክስ መጫኛው ፍላሽም በዚያው መንገድ መነሣት አለበት። ጫኚው ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጎን ለመጫንና ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ ለመጫን የሚያስችሉትን ምርጫዎች በአንድ ገጽ ላይ ከላይና ከታች ስለሚያቀርባቸው፣ እዚህ ገጽ ላይ ቸኩሎ ማውስ መጫን አያስፈልግም።

እውነተኛው ሥራ የሚመጣው ሁለቱን አብሮ በማኖሩ ላይ ነው። ባለቤቴ ሪፖርቱን ከፒችትሪ አውጥታ ሁለቱም ሲስተሞች በሚያዩት የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል አቀማመጥ ያለው) ክፍል ላይ ታስቀምጣለች፤ ከዚያም ሊኑክስ ውስጥ ገብታ ትልከዋለች። ዊንዶውስ ግን ‹‹ፋስት ስታርትአፕ›› በሚባለው አሠራሩ ምክንያት ‹ሸት ዳውን› ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከፊል ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ሊኑክስም ሲነሣ ክፍሉ በአግባቡ እንዳልተዘጋ ስለሚያይ አንድም አይከፍተውም፣ አንድም እንዲነበብ እንጂ እንዲጻፍበት አይፈቅድም። ይህ ሊኑክስ ያበዛው ጥንቃቄ አይደለም፤ አንቀላፍቶ የቀረ ሲስተም ፋይሎች ከጀርባው ከተለወጡበት በነቃ ጊዜ የዲስኩን የፋይል መዝገብ ሊያዛባው ይችላል። ቀደም ሲል ያልሁት የሃይበርኔሽን ማጥፋት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እሱ ሲጠፋ ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ጣጣ የሰዓት ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነብበዋል፤ ሊኑክስ ግን ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል። ከሊኑክስ ወጥታችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዊንዶውስን ብትከፍቱ 9:00 ማለት ሲገባው 6:00 ይላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ገና ማለዳ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ለለመደ ሰው ሌላ የሦስት ሰዓት ስሌት መጨመር ግፍ ነው! ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ዊንዶውስ ስሕተቱን ውሎ አድሮ ያርመዋል፤ የእኛው ግን ስለተላቀቀ ከየት አምጥቶ ያርመዋል? መፍትሔው በሊኑክስ ተርሚናል አንዲት መስመር ትእዛዝ ሰጥቶ እሱም የአገር ውስጡን ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ የማስጠንቀቂያ መልእክት ያወጣል፤ የማስጠንቀቂያው ዋና ምክንያት ግን በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን የሚያዛውሩ አገሮች ጉዳይ ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው አያሳስብም።

የቀረው ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚመጣው፣ የትኛው ሲስተም እንዲነሣ የሚጠይቀው የግራብ ፕሮግራም ምርጫ ነው። ከ2.06 ዕትሙ ጀምሮ ግራብ ካልታዘዘ በቀር ሌሎች ሲስተሞችን ስለማይፈልግ፣ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ቢጠፋባችሁ ተሰርዟል ብላችሁ አትደንግጡ፤ በግራብ ቅንብር ፋይል ውስጥ ፍለጋውን መፍቀድና ዝርዝሩን ማደስ ብቻ ይበቃል። እኛ ቤት ማንም ምንም ሳይነካ 10 ሰከንድ ሲያልፍ ዊንዶውስ እንዲነሣ አድርጌዋለሁ፤ በወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ላይ ያለ ሰው ስለ ግራብ እንዲያስብ አይጠየቅም፤ ሊኑክስ የፈለገ ቀስቷን ይጫን።