ከእንጦጦ ቅጠል የወጣ ጥለት

ሥራዬ ጥለት መንደፍ ነው። ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ቀለም መርጬ፣ በካሬ ወረቀት ላይ ቆጥሬ እሰጣለሁ። አንድ ሰሞን ግን እጄ እምቢ አለኝ። የምነድፈው ሁሉ ያው የአምናው ሆነ። ስልክ ባገላብጥም የማየው የሌላ ሰው ሥራ ነው።

እናም ጠዋት ጠዋት እንጦጦ መውጣት ጀመርኩ፤ ከሽሮ ሜዳ በእግር። ዳገቱ ቀልድ አያውቅም። አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አትሌቶቹ ሽው ብለው ያልፉኛል፤ እኔ ግን እያወራሁ መሄድ በምችልበት ልክ ነው የምራመደው። ቁና ቁና እየተነፈሱ ምንም ማየት አይቻልም።

አዲስ አበባን ከላይ ማየት ደስ ይላል፤ ጭንቀትም ያቀላል። ለሥራዬ የሆነኝ ግን እግሬ ሥር ያለው ነው።

ባሕር ዛፍን ውሰዱ። በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን እንላለን። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቅጠል ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሰፋ፣ ክብ ብሎ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በጣት ሲያሹት ዱቄቱ ይለቅና አረንጓዴው ይወጣል። የቀንበጡ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙ ቀላ ይላል። ዛፉ ሲያድግ ደግሞ ቅጠሉ ረዝሞ፣ ቀጥኖ ይንጠለጠላል።

እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ እናቶች ጋር ስንገናኝ ጥግ ይዤ አሳልፋቸዋለሁ። «በርቱ እናቴ!» እላለሁ። መንገዱ ለእነሱ እንጀራ ነው፤ ይሄን መርሳት አልፈልግም።

ቤት ስገባ ስልክ አልነካም። ቡናው እስኪፈላ ያየሁትን ቀለም ከክር ሳጥኔ ውስጥ እፈልጋለሁ። ሁለት ሦስቱን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ መስኮት አጠገብ አያቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ያማረ ቀለም ክር ሲሆን ሌላ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክሩ፣ ቀጥሎ ንድፉ። ይቺ ትንሽ ልማድ ከዳገቱ እኩል ጠቅማኛለች።

የቅጠሉን ጥለት የሚሸምኑልኝ ጋሼ ገና ሲያዩት «ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ተጣልቷል» አሉኝ። መሃላቸው ቀጭን ቀይ መስመር አስገባን፤ ያችኑ የቀንበጡን ጠርዝ። ታረቁ።

አሁን ለመስቀል የሚደርስ የአደይ አበባ ጥለት ላይ ነኝ። ቢጫውን አግኝቼዋለሁ። ያስቸገረኝ የአበባው መሃል ነው።