የባቲ ሰኞና ቦታውን የሳተው ቆጣሪ

አቤቱታው የሚመጣው ሁልጊዜ ሰኞ፣ ሁልጊዜም ከባቲ ቅርንጫፍ ነበር። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግመልና ፍየል የሸጠ ሁሉ ወደ ቁጠባ ተቋሙ መስኮት ይጎርፋል። የተቋሙን ሶፍትዌር ለምንሠራው፣ ኮምቦልቻ ላለነው፣ ገንዘብ ያዧ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ ሸኹ የምስጢር ቁጥራቸውን የተሳሳቱት አንዴ ብቻ ነው፤ ሒሳባቸው ግን ተቆለፈ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ እናየዋለን» አልኳት። ሽማግሌው ከቆላ ድረስ የመጡት ለዚሁ ነበርና ነገሩ ከነከነኝ።

ደንቡ ሦስት ስሕተት ሒሳብ ይቆልፋል ይላል። አንዳንዶች ኔትወርኩን ጠረጠሩ። ሎጉን፣ ማለትም የሥርዓቱን የክንውን መዝገብ፣ ስናነብ ግን ሦስቱ ስሕተቶች የሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ አንድ ያደረጋቸው መስኮቱ ብቻ ነው።

ስሕተቶቹን የሚቆጥረው ቆጣሪ በአስፔክትጄ (የጃቫ ፕሮግራም ቋንቋ ቅጥያ) የተጻፈ አስፔክት ነው፤ አስፔክት ማለት የፕሮግራሙን ጥሪዎች ጠልፎ የራሱን ሥራ የሚጨምር ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ሒሳብ የራሱ ቆጣሪ እንዲኖረው ታስቦ ፐርዚስ ተብሎ ታውጇል፤ ይህም «ዚስ» ለሚባለው ለእያንዳንዱ ኦብጀክት (በፕሮግራሙ ውስጥ አንድን ነገር ለሚወክል አካል) አንድ አስፔክት ማለት ነው። ፖይንትከቱ፣ ማለትም አስፔክቱ የት እንደሚገባ የሚወስነው መግለጫ፣ ግን የተጻፈው በኮል (ጥሪው በሚደረግበት ቦታ) ነው። በኮል ጊዜ «ዚስ» የሚባለው ጠሪው ኦብጀክት ነው፤ ተጠሪው «ታርጌት» ነው። እዚህ ጠሪው መስኮቱ፣ ተጠሪው ሒሳቡ ስለሆነ ቆጣሪው ከመስኮቱ ጋር ተጣበቀ፤ ገንዘብ ያዧ ከሥርዓቱ እስክትወጣ ድረስም የሁሉንም ስሕተት ደመረ። በሌሎች ቀናት ድምሩ ሦስት አይደርስም። አስፔክትጄ በዚህ ላይ ስሕተት አያወጣም፤ አጻጻፉ ትክክል ነውና።

አንድ ባልደረባችን ኮልን በኤክስኪዩሽን (የተጠራው ሥራ በሚፈጸምበት ቦታ) ተካው፤ ያኔ «ዚስ» ራሱ ሒሳቡ ይሆናል። ኮልን ሳይነካ ፐርዚስን በፐርታርጌት (ለእያንዳንዱ «ታርጌት» አንድ አስፔክት) ቢተካም ያው ነበር። ሙከራው አለፈ፤ ሁሉም ተደሰተ።

እኔ ግን እንዳይለቀቅ ተከራከርኩ። አስፔክቱ የሚታሰረው በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ካለው ኦብጀክት ጋር እንጂ ከደንበኛው ጋር አይደለም። ሥርዓታችን ደግሞ ሒሳቡን በየመስኮቱ ከዳታቤዝ እንደ አዲስ ያነባል፤ አዲስ ኦብጀክት፣ አዲስ አስፔክት፣ ዜሮ ስሕተት። ሁለቴ የተሳሳተ ሌባ ወደ ጎን መስኮት ቢሻገር እንደገና ሁለት ዕድል አለው። የመጀመሪያው ብልሽት ባለቤቱን ከገንዘቡ ከለከለው፤ ይኼኛው ገንዘቡን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ከሁለቱ የሚከፋው የቱ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በመጨረሻ የስሕተቱን ቁጥር ወደ ዳታቤዙ፣ ከሒሳቡ መዝገብ ጎን አዛወርነው፤ ሁለት መስኮቶች እንዳይጣረሱም ጭማሪው በአንድ የማሻሻያ ትእዛዝ እንዲፈጸም አደረግን። አስፔክቱ ጥሪውን መጥለፍ ብቻ ስለቀረው የፐር መግለጫውን አንስተን ለመላው ፕሮግራም አንድ ብቻ ወደሚሆነው ነባሪ ነጠላ አስፔክት መለስነው። ፐርዚስን ያቆየነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ሒሳቡ ከተነበበ በኋላ መለወጥ አለመለወጡን በሚይዘው አስፔክት ላይ። ያ መረጃ ከኦብጀክቱ ጋር ቢጠፋ ማንም አይጎዳም።