ጥቁሩን ጭስ ማንበብ፦ ጉልበት ያጣች አሮጌ መኪና ላይ የተማርኩት

ሦስት ወር ያስጨነቀችኝ መኪና ከትናንት ወዲያ የዓባይን በረሃ እንደ ድሮዋ ወጣች። ነገሩ ትኩስ እያለ ከነስህተቴ ልጽፍላችሁ። ከእናንተም መካከል የነዳጅ ፖምፓ ሊያስፈታ የተዘጋጀ ሰው አይጠፋም።

ለማታውቋት፦ ባለ 6 ሲሊንደር የጭነት መኪና ናት፣ 9.7 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው) እና ኢንተርኩለር (የተነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው) አላት። አዲስ እያለች 371 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ኮምፒውተር የላትም፣ ነዳጁን የሚረጨው የድሮው ረጅም ፖምፓ ነው። ሙያውን ገና ለሚማር እንደኔ ላለ ሹፌር ይሄ ዕድል ነው። ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል።

ችግሩ ቀስ እያለ ነው የመጣው። በሜዳ ብዙም አያስታውቅም። ማዳበሪያ 200 ኩንታል ጭኜ ከጎሃ ጽዮን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ግን በ2ኛ ማርሽ ቀረሁ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጫለሁ፣ መኪናዋ ግን አትስብም። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ «ፖምፓው ደክሟል» ብሎ የነዳጁን መጠን ጨመረልኝ። እኔም አምኜ ከፈልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ጭሱ ባሰ፣ ሙቀቱ ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ ጉልበቱ ግን ያው ነው።

ከዚያ ነው አንድ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ናፍጣ ሞተር ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ላነሳ ስል አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ልጄ። መጀመሪያ ጭሱን ንገረኝ። ምን ዓይነት ነው? መቼ ነው የሚወጣው?»

«ጥቁር ነው ጋሼ። ዳገት ላይ፣ ስጭናት።»

«እንግዲያው ነዳጅ አላጣችም። አየር ነው ያጣችው። ፖምፓውን ተወው።»

ይቺን ነገር ያኔ ባውቃት ኖሮ ብዙ ብር ይተርፈኝ ነበር። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ ገብቷል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አልበቃውም ማለት ነው። እዚያ ላይ ነዳጅ መጨመር ሞተሩን ይበልጥ ያግለዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሲብስ ፒስቶን ያቀልጣል። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያኔ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የታንከሩ መምጠጫ፣ ፖምፓው ጋ የሚገባ አየር ይፈተሻል። ከአየር ማስገቢያው ወደ ፖምፓው የምትሄደዋ ቀጭን ቱቦም ከሚፈተሹት ውስጥ ናት። ቱርቦው ሲነፋ «አሁን ነዳጅ ጨምር» ብላ ለፖምፓው የምትነግረው እሷ ናት። ከተሰነጠቀች መልእክቱ አይደርስም።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከጅቡቲው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ትንሽ ጭስ ማየት ብርቅ አይደለም። የኔዋ ግን መተሐራ ላይም፣ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዳ፣ ታጨስ ነበር።

ፍተሻውን ከቀላሉ ጀመርን። ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) አወጣን፣ ንጹሕ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለችው የሞተር ፍሬን መዝጊያ ግማሽ ተዘግታ ተጣብቃ እንዳይሆን በእጅ አንቀሳቀስናት፣ ሙሉ ትከፈታለች። ሞተሩ በርዶ የቱርቦውን ዘንግ ወደ ጎን ወዘወዝኩት። ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ያ ጤነኛ ነው፣ ዘይት የሚቀመጥበት ክፍተት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ ግን መጫወት የለበትም፣ ክንፉም ቤቱን መንካት የለበትም። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ቱርቦ ለመግዛት መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ ያንን ቀን ተውኩት።

ቀጥሎ የግፊት መለኪያ አሰርን። ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ቱቦ ቀጥለን፣ በመስኮት አስገብተን፣ የመለኪያውን ሰዓት ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ጭኜ ዳገት ላይ ሙሉ ስረግጥ 0.6 ባር ብቻ አነበበ። ጋሼ ከዚህ እጥፍ ነበር የጠበቁት። ቱርቦው ደህና ከሆነ፣ የሚነፋው አየር መንገድ ላይ ይጠፋል ማለት ነው።

የሚጠፋበትን ለማግኘት የሠራነውን በደንብ ልንገራችሁ፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። ቶርኖ ቤት የቱርቦውን አየር መግቢያ የሚደፍን ክዳን አሠራን፤ መሐሉ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ አለው። ክዳኑን በፋሼታ (በማሰሪያ ቀለበት) አጠበቅነው። ከዚያ ጎሚስታ ዘንድ ሄደን በኮምፕሬሰር ቀስ አድርገን ነፋን። ከ1 ባር አላለፍንም። ክዳኑ ከተፈናጠረ ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ አየሩንም ሳታስወጡ አትፍቱት። ከጭስ ማውጫውና ከሞተሩ መተንፈሻ ትንሽ ሽውታ ይሰማል። ያ በተከፈቱ ቫልቮላዎችና በፒስቶን ቀለበቶች በኩል የሚያልፍ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

የሳሙና አረፋ መቀባት እንኳ አላስፈለገም። ከኢንተርኩለሩ በታች ያለው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ፉጨት አሰማ። ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁ። ማኒኮቶው በዘይት ወዝቶ አቧራ ለብሷል። ስጠርገው መጀመሪያ ምንም የለም። አየር ሲገባ ግን ሆዱ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፈተ። አየሩን ሲለቁት ተመልሶ ገጠመ። ሦስት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ስናያት ያልታየን ለዚህ ነው። ስንጥቁ የሚከፈተው ስትጭን ብቻ ነው። ዘይት የያዘው አቧራ ምልክት ነበር፣ ማንበቡን አላወቅንም።

ማኒኮቶውን ከነፋሼታው ቀየርን። መለኪያው 1.2 ባር ደረሰ። ጭሱ ወዲያው ቀነሰ።

ግን አላለቀም። መኪናዋ ከታች ትስባለች፣ ዙሯ ሲጨምር ግን ታንቃለች። በባዶ፣ ቆማ፣ ሙሉ ስረግጣት ከ2,000 ዙር አታልፍም። ሙሉ ጉልበቷን የምትሰጠው ደግሞ 2,200 ላይ ነው። ጋሼ ረዳቱን ጋቢና አስገብተው «እስከ ወለሉ ርገጥ» አሉት፤ እኔን ፖምፓው ጋ አቆሙኝ። የፖምፓው እጅ ማቆሚያዋ ቡሎን ጋ መድረስ ነበረባት። እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ከፔዳሉ ወደ ፖምፓው የሚመጣው የመጎተቻ ብረት ቀዳዳ በልቶ ሰፍቷል፣ የፔዳሉ ጉዞ እዚያ ይባክናል። ብረቱን ቀይረን ርዝመቱን አስተካከልነው። ይህ ፍተሻ 2 ደቂቃ ነው የወሰደው፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር።

ከትናንት ወዲያ ያንኑ ያህል ጭኜ ከድልድዩ ወደ ደጀን ወጣሁ። 4ኛ ማርሽ ያዘች፣ ጠመዝማዛው ላይ ብቻ 3ኛ አስገባሁ። የሙቀት ሰዓቱ ከመሐል አልተነቃነቀም።

አሁንም ማርሽ ስቀይር ጥቁር ጭስ ብልጭ ይላል። ያ መጀመሪያ የተጨመረው ነዳጅ ነው፤ ገና አልተመለሰም። በዓይን ግምት የሚነካ አይደለምና ሰኞ ፖምፓውን መሞከሪያ ማሽን ላይ አስጭኜ ወደ ልኩ አስመልሰዋለሁ። ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን ኖዝሎችም አብሬ አስፈትሻለሁ። የሚያሳዩትን ግፊት ጽፌ አመጣላችኋለሁ።