ኤፍ ሻርፕና ሲ፦ የብሪትን «የጦርነት ሬኩዌም» በምን ላይ ቆመ?

ፒያኖ ካገኛችሁ ኤፍ ሻርፕና ሲ የተባሉትን ሁለት ኖታዎች አንድ ላይ ተጫኗቸው። በመካከላቸው ስድስት ግማሽ ቶን (ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) አለ። ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖታ ያለውን ርቀት፣ እኩል ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ከሁለቱ የትኛው ባለቤት፣ የትኛው እንግዳ እንደሆነ ጆሮ መለየት ያቅተዋል። ሙዚቀኞች ትራይቶን ይሉታል። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቤንጃሚን ብሪትን 85 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን «የጦርነት ሬኩዌም» (ሬኩዌም በሙዚቃ የሚቀርብ የሙታን ጸሎት ነው) የሰቀለው በዚህ ባልታረቀ ጥንድ ላይ ነው።

ብሪትን በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ሎውስቶፍት ተወለደ። በልጅነቱ ቅንብር ያስተማረው ፍራንክ ብሪጅ ጦርነትን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ተማሪውም በዚሁ ጸና። በ1939 ከቴነሩ (ከፍ ያለ ድምፅ ካለው ወንድ ዘፋኝ) ፒተር ፒርስ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1942 ተመልሶ፣ ሕሊናዬ አይፈቅድም አልዋጋም ብሎ ችሎት ፊት ቀረበ፤ በይግባኝም ከወታደራዊ ግዴታ ነፃ ተባለ። ጁን 1945 «ፒተር ግራይምስ» የተሰኘው ኦፔራው ስሙን አገነነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ዩሁዲ ሜኑሂን ጋር ጀርመን ሄዶ ከናዚዎቹ የቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ ለተረፉ ሰዎች ተጫወተ።

በኖቬምበር 1940 በቦምብ የነደደው የኮቨንትሪ ካቴድራል ከፍርስራሹ አጠገብ አዲስ ሲሠራ፣ ለምርቃቱ ሙዚቃ እንዲጽፍ ተጠየቀ። የላቲኑን ጸሎተ ፍትሐት ብቻ ቢያዜም ማንም ባልተቀየመ። እሱ ግን በጸሎቱ መካከል የዊልፍሬድ ኦወንን ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ግጥሞች ሰነቀረበት። ኦወን በ25 ዓመቱ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግንባር ላይ የወደቀ መኮንን ነው። ጸሎቱ «ዕረፍትን ስጣቸው» ሲል ግጥሙ እንደ ከብት ለሚታረዱት የሚደወለው ደወል የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ለእኔ ከተራ መታሰቢያነት የሚያልፈው በዚህ ሙግት ነው።

ሙግቱ እንዲሰማ ብሪትን ድምፆቹን በሦስት ቦታ ከፈላቸው። ላቲኑን የሚይዙት ሶፕራኖዋ (ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ)፣ ትልቁ መዘምራንና ስድስት ሆርንና አራት ትራምፔት ያለው ትልቁ ኦርኬስትራ ናቸው። የኦወንን ግጥም ቴነሩና ባሪቶኑ (ከቴነር ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ) ይዘምራሉ፤ አጃቢያቸው 12 ሰው ብቻ ነው፦ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ባሶን፣ ሆርን፣ ሃርፕ፣ አንድ የምት መሣሪያ ተጫዋችና አምስት ባለ አውታር። የወንድ ልጆች መዘምራን ደግሞ በትንሽ ኦርጋን ታጅበው ከሩቅ ይሰማሉ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ልጆቹ 30 ሜትር ርቀው ከቆሙ ድምፃቸው ከመድረኩ ወደ ዘጠና ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። መድረኩን እያዳመጡ ከገቡማ መዘግየቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የልጆቹ መሪ ጆሮውን ትቶ የዋናውን መሪ እጅ ማየት፣ ካስፈለገም ቀደም ብሎ ማስገባት አለበት። የኦርጋኑም ነገር አለ፦ አዳራሹ ሲቀዘቅዝ የቧንቧ ኦርጋን ድምፅ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። የመቃኛው ሰዓት አዳራሹ በሰው ተሞልቶ የሚኖረውን ሙቀት ካላገናዘበ ልጆቹና ኦርኬስትራው አይገናኙም። ሜይ 30 ቀን 1962 ኮቨንትሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ትልቁን ኦርኬስትራ ሜሬዲት ዴቪስ፣ ትንሹን ራሱ ብሪትን መርተዋል። አንድ መሪ ብቻውን የሚይዝበትም ጊዜ አለ።

አንድ ቦታ ብቻ ቀርቤ እንድሰማ ብጠየቅ ሦስተኛውን ክፍል፣ ኦፈርቶሪየምን እመርጣለሁ። መዘምራኑ እግዚአብሔር ለአብርሃምና ለዘሩ የገባውን ቃል ኪዳን በደስተኛ ፊውግ፣ ድምፆች አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ በሚገቡበት አጻጻፍ፣ ያዜማሉ። ወዲያው ቴነሩና ባሪቶኑ የኦወንን አብርሃም ይዘው ይመጣሉ። መልአኩ ሲጣራ ሁለቱ ወንዶች በአንድነት፣ በሃርፕና በአውታሮች ታጅበው ይዘምራሉ፤ ዜማው ብሪትን በ1952 ስለ አብርሃምና ይስሐቅ የጻፈውን ሥራ ያስታውሳል። በጉ በቀንዱ ተይዞ አለ። ይህ ሽማግሌ ግን እንቢ አለ፤ ልጁን አረደ፣ የአውሮፓንም ዘር እኩሌታ አንድ በአንድ። ሁለቱ ድምፆች «አንድ በአንድ» የሚለውን እየቆራረጡ ሲደጋግሙ፣ ከሩቅ ልጆቹ ስለ መሥዋዕት ያለውን ላቲን ያዜማሉ፤ ከመድረኩ የሚሆነውን የሰሙ አይመስሉም። ፊውጉ ሲመለስ ዜማው ተገልብጧል፣ ድምፁም ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። ጩኸት የለም፤ ቃል ኪዳኑ ግን ፈርሷል።

አኙስ ዴይ («የእግዚአብሔር በግ») የተባለው ክፍል አጭር ነው። አምስት ኖታ ከኤፍ ሻርፕ ወደ ታች፣ አምስት ኖታ ከሲ ወደ ላይ፤ ትራይቶኑ ደረጃ በደረጃ ወደሚሄድ ዜማ ተለውጧል። መጨረሻ ላይ ቴነሩ ብቻውን «ሰላምን ስጠን» ይላል። በሥራው ሁሉ ቴነሩ ላቲን የሚዘምረው እዚህ ብቻ ነው።

ቅጂውን ለመስማት ጃንዋሪ 1963 ለንደን፣ ኪንግስዌይ ሆል ውስጥ ዴካ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የቀዳውን ፈልጉ፤ መሪው ብሪትን ነው። ሩሲያዊቷ ጋሊና ቪሽኔቭስካያ፣ እንግሊዛዊው ፒርስና ጀርመናዊው ዲትሪሽ ፊሸር-ዲስካው አንድ ላይ እንዲዘምሩ ብሪትን ከመነሻው አስቦ ነበር፤ ኮቨንትሪ ላይ ግን የሶቪየት መንግሥት ቪሽኔቭስካያን ስለከለከላት ሄዘር ሃርፐር ተክታት ነበር። በቀረጻው ቪሽኔቭስካያ ወንዶቹ ፊት ቆመው እኔ ለምን ከመዘምራን ጋር ብላ ተቆጣች። አቀማመጡ ግን ሥራው ራሱ የጠየቀው ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ በአንድ ስፒከር የሚወጣ ስልክ ሦስቱን ቦታዎች አንድ ላይ ይደፈጥጣቸዋል።

መጨረሻ ላይ ደወሎቹ እንደገና ኤፍ ሻርፕና ሲን ይመታሉ። መዘምራኑ ያለ አጃቢ፣ በጣም በዝግታ ከትራይቶኑ ተነሥተው ኤፍ ሜጀር በተባለ የታረቀ ኅብረ ድምፅ ላይ ያርፋሉ። ይኸው አወራረድ በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መዝጊያም ነበር። ለዘማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፦ ድካም ድምፁን በጥቂቱ ካወረደው ደወሉ አይምርም፣ ስሕተቱን ወዲያው ያጋልጠዋል። ልምድ ያላቸው መዘምራን በመጨረሻዎቹ ገጾች ውስጥ የደወሉን ኤፍ ሻርፕ በጆሯቸው ይዘው ይቆያሉ፤ ከዚያ ግማሽ ቶን ብቻ ወርደው ኤፍ ላይ ይደርሳሉ።