ለቅሶን ከነሳቁ መጻፍ፤ ልቦለዴን የጨረስኩት እንዲህ ነው

የልቦለዴ ባለታሪክ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። ባላቸው የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የእነሱም ሰፈር አብሮ ፈረሰ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ባላቸው አረፉ። አንድ ሌሊት ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጣ። እትዬ ዘነቡ ጎረቤት ተኝቶ እንዳያመልጠው ብለው በረንዳ ላይ ወጥተው ጥሩንባውን ነፉት። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሊደርስ ግር ብሎ ወጣ። የታሪኩ እምብርት ይህ ሌሊት ነው።

መጻፍ የጀመርኩት እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ሐዘንተኛውን ፈገግ ሳታሰኝ የማትመለስ ሴት ነበረች። እሷን የሚመስል መጽሐፍ አማረኝ።

መጀመሪያ የቸገረኝ ጊዜው ነበር። ሰው ከሐዘን የሚወጣው መቼ ነው? ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ መልሱን እደጃችን አገኘሁት። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። መጽሐፉን በእነዚህ ከፋፈልኩት። ከዚያ በኋላ እጄ ተፈታ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሥራ አለዋ! ጠላ ይጠመቃል፣ ቄስ ይጠራል፣ ዘመድ ይኮራረፋል። ሥራ ካለ ታሪክ አለ።

ከሁሉም የለፋሁበት የሠልስት ማግስት ነው። ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ንፍሮው አልቋል፣ ሰው ወደየሥራው ሄዷል። እትዬ ዘነቡን ብቻቸውን አስቀምጦ ማስለቀስ ቀላል ነበር። እኔ ግን የሟቹን ስልክ አስጮህኩት። ደዋዩ የድሮ ሰፈር ሰው ነው፤ መርዶውን አልሰማም። ሃሎ እስኪባል እንኳ አይጠብቅም። «ጋሼ፣ ሞት አለ፣ ይንፉልን» ይላል። የሚነፋበት ሰፈር የለም። ሰዉ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ ተበትኗል። እትዬ ዘነቡ እስክሪብቶ ያነሳሉ። «የማን ቤት? ቀብሩ የት ነው? በስንት ሰዓት?» እያሉ በባላቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መደወል ይጀምራሉ።

ይህን ገጽ እስክጽፍ ድረስ እትዬ ዘነቡን እንዴት ከአልጋ እንደማስነሳቸው አላውቅም ነበር። ተስፋ የሚሰጥ ንግግር አላነሳቸውም። እሳቸውን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ግን ተነሱ።

ለዝርዝሩ ከአንድ አዛውንት ጥሩንባ ነፊ ጋር ቡና እየጠጣን ብዙ አወጋን። በድሮው ሰፈር ድምፁ መታጠፊያ ላይ ስለሚሰበር፣ በየቅያሱ እየቆሙ ነበር የሚነፉት። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ድምፁ ከብሎክ ብሎክ ስለሚላተም ከየት እንደመጣ አይታወቅም አሉኝ። ያቺ ጨዋታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወለደችልኝ። በዚያ የውሃ ሌሊት ሰው ሁሉ የሟቹን ቤት ፍለጋ የማያውቀውን ጎረቤት በር ያንኳኳል። ደረጃ ላይ እየተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች የተዋወቁት ያኔ ነው።

ረቂቁን ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልቦለድ ለሚጽፍ ሁሉ ይህን እመክራለሁ። ሆን ብዬ የሰካኋቸው ቀልዶች ላይ ዝም አሉ። እትዬ ዘነቡ ለውሃው ጥሩንባ ያልወጣ ሰው ላይ የእድር ቅጣት ሲጽፉ ግን በሳቅ ፈረሱ። አንዷ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ ለካ ባሏ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። የኔን ቀልዶች በሙሉ አወጣኋቸው።

ያልተቀበልኩት ምክርም አለ። ጎረቤቶቼ እትዬ ዘነቡን ምድር ቤት ላሉት፣ ሚስታቸው ለሞቱባቸው ሽማግሌ ዳሪያቸው ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ባል እንደ ተሰበረ ብርጭቆ በሌላ ሲተካ ማሳየት አልፈለግኩም። ሽማግሌውን የአዲሱ እድር ገንዘብ ያዥ አደረግኳቸው። በየወሩ ከእትዬ ዘነቡ ጋር በሂሳብ ይጨቃጨቃሉ። ከሠርግ ይልቅ ያንን ጭቅጭቅ እወደዋለሁ።

መጽሐፉ ሙት ዓመት ላይ ያበቃል። ሰባት ዓመቱን አልጻፍኩትም። ጎረቤቶቼ «ቀጥይው እንጂ» ይሉኛል። እትዬ ዘነቡ ገና እዚያ አልደረሱም፤ እኔም አልደረስኩም።