«አሁን» ለማለት የትኛውን እንግሊዝኛ ልምረጥ?

በበጋ ጢስ ዓባይን ለማየት የመጣ እንግዳ ፏፏቴው ቀጥኖ ሲያገኘው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባሕር ዳር አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት! መልሱ ውስጥ «አሁን» መግባቱ አይቀርም። እንግሊዝኛው ደግሞ ለአሁን ብዙ አማራጭ አለው፤ ናው፣ ራይት ናው፣ አት ዘ ሞመንት፣ ዚዝ ዴይስ፣ ናዋዴይስ፣ ከረንትሊ፣ አት ፕረዘንት። የትኛውን እንደምመርጥ መለየት ለሥራዬ ወሳኝ ነው።

ለምን መሰላችሁ? «ውሃው አት ዘ ሞመንት ትንሽ ነው» ካልኩት ለጊዜው ነው ማለቴ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ቢመለስ ሌላ ፏፏቴ እንደሚያይ ይገባዋል። «ናዋዴይስ ትንሽ ነው» ካልኩት ግን የማወራው ስለ ዘመን ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። በበጋ ወንዙ ይቀንሳል። ከዚያ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ በጀመረው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ በ2001 ሁለተኛው ሲጨመር፣ ከፏፏቴው በላይ የሚጠለፈው ውሃ በዛ። ስለዚህ ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ ግን እያንዳንዱን በቦታው።

ቦታቸውን ለመለየት በመጀመሪያ መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። ሁሉንም «አሁን» ብሎ ያልፋቸዋል። የረዳኝ የራሳችን አማርኛ ነው። እኛም እኮ «አሁን» ብቻ አንልም። ለጊዜው፣ ሰሞኑን፣ አሁን አሁን፣ በአሁኑ ወቅት እንላለን፤ ማንም ሳያስተምረን አናምታታቸውም። ደብተር ያዝኩና መናገር የምፈልገውን በአማርኛ እጽፍ ጀመር። ከሥሩ፣ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት እንግዶች በዚያው ሁኔታ ምን እንዳሉ አሰፍራለሁ።

ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። «አሁን አሁን» ከናዋዴይስ ጋር ገጠመ። «ለጊዜው» ከአት ዘ ሞመንት። «በአሁኑ ወቅት» የዜና ቋንቋ ነው፤ ከረንትሊና አት ፕረዘንትም ለማስታወቂያና ለደብዳቤ ይስማማሉ። «ሰሞኑን» ግን አስቸገረኝ። ዚዝ ዴይስን ይመስላል፤ ሆኖም እኛ «ሰሞኑን መጥቶ ነበር» እንላለን። ዚዝ ዴይስ እንዲህ ካለቀ ነገር ጋር አይሄድም፤ ለዚያ ሪሰንትሊ አለ። የዚዝ ዴይስ ዘመድ ናዋዴይስ ነው፤ ዚዝ ዴይስ ግን ለጨዋታ ቀለል ይላል።

ሲያጠራጥረኝ ከዓረፍተ ነገሩ ቀጥሎ «ድሮ ግን…» እላለሁ። ካስኬደኝ ናዋዴይስ ነው። የሚያስኬደኝ «በኋላ ግን…» ከሆነ አት ዘ ሞመንት ነው። እንቦጭን ውሰዱ። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች አሁን ከእንቦጭ ጋር ይታገላሉ ስል፣ «ድሮ ግን አልነበረም» ይከተላል። ናዋዴይስ። ነፋስ አረሙን ገፍቶ የጀልባ መውጫ ሲዘጋ ግን የዕለቱ ጉዳይ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ይከፈታል። አት ዘ ሞመንት። ግሱም ላይ ለውጥ አለ። አንድ ነገር እየተካሄደ ከሆነ ከአት ዘ ሞመንት ጋር መጨረሻው አይ ኤን ጂ የሆነ ግስ ይመጣል፤ ናዋዴይስ ብዙ ጊዜ የልማዱን ተራ ግስ ይወስዳል።

ዘጌ ላይም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ስንደርስ ከደጅ ያሉትን አባት እጠይቃለሁ።

«አባ፣ እንግዶች ይዤ ነበር።»

«ትንሽ ጠብቅ ልጄ፣ ቁልፉ ይመጣል።»

ይህን ለእንግዶቹ ስናገር አት ዘ ሞመንት ዝግ ነው እላለሁ፤ ቡናው ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ። ጥገና ላይ ከሆነ ከረንትሊ ይሻላል። ያኔ ወደ ሌላው ገዳም እንሄዳለን።

እኛ አገር በጣም የሚሰማ አንድ ነገር አለ፤ «ኢን ናዋዴይስ»፣ «ኢን ዚዝ ዴይስ» ማለት። «በዚህ ዘመን» ላይ ያለችው «በ» ናት ኢንን የምትጎትተው። ሁለቱም ያለ ኢን ነው የሚነገሩት። ለአዳዲስ አስጎብኚዎች መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው፤ ቶሎ የሚታረም ነገር ነዋ! «አሁን ወጡ» ስንልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገና መውጣታቸው ነው ለማለት እንግሊዝኛው ጀስትን እንጂ ናውን አይጠቀምም።

እንግሊዝኛ የሚናገር እንግዳ ሁሉ ደግሞ አፉን የፈታበት አይደለም። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች «በአሁኑ ጊዜ» ለማለት አክቹዋሊ ሲሉ ትሰማላችሁ፤ በቋንቋቸው የሚመስለው ቃል ያንን ስለሚል ነው። በእንግሊዝኛ ግን «በእርግጥ፣ እንዲያውም» ማለት ነው። ከእነሱ ሰምታችሁ እንዳትወስዱት።

ፕረዘንትሊን እኔ ትቼዋለሁ። ለብዙ አሜሪካውያን «አሁን» ነው፤ ለብዙ እንግሊዛውያን ግን «ትንሽ ቆይቶ»። ሁለቱን በአንድ ጀልባ የያዘ ሰው ጀልባዋ ፕረዘንትሊ ትነሳለች ከሚል ሰዓቱን ቢናገር ይበጀዋል። እሱንም በፈረንጅ አቆጣጠር።